ደመወዝህ በዝቷልና ሂድ፦ የትልልቅ መደብሮች የሠራተኛ ቅነሳ የተረፈውን ሰው ምን ያደርገዋል?

ረቡዕ፣ ማርች 28 ቀን 2007 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሰርኪት ሲቲ የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መደብር 3,400 ያህል የመደብር ሠራተኞቹን በአንድ ጊዜ አሰናበተ። ሰርቀዋል፣ አርፍደዋል፣ ደንበኛ አስቀይመዋል ያላቸው የለም። ኩባንያው ራሱ በይፋ የሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፦ የሰዓት ክፍያቸው ለዚያ ሥራ በገበያው ከሚከፈለው በልጦ ተገኝቷል። በቦታቸው በዝቅተኛ ክፍያ ሌላ ሰው እንደሚቀጥርም አልደበቀም። የተሰናበተው ሰው ከፈለገ ከ10 ሳምንት በኋላ ተመልሶ ማመልከት ይችላል ተባለ፤ ክፍያው ግን አዲሱ፣ ዝቅ ያለው ነው።

እስቲ ቆም እንበልና እንጠይቅ። በአንድ መደብር ውስጥ የሰዓት ክፍያው ከሌላው ከፍ ያለ ሰው ማን ነው? ዓመት ያስቆጠረው ነው። በየግምገማው ጥሩ ነጥብ እያገኘ ሃያ ሳንቲም፣ ሃምሳ ሳንቲም እየተባለ የተጨመረለት ነው። የትኛው ቴሌቪዥን ከየትኛው ድምፅ ማጉያ ጋር እንደሚሄድ ማንንም ሳይጠይቅ የሚናገር፣ አዲስ ልጅ ሲቀጠር «ዛሬ ከእሱ ጋር ዋል» የሚባልለት ሰው ነው። ዝርዝሩ የተሠራው በክፍያ ነው፤ ክፍያን ተከትሎ የሚሠራ ዝርዝር ደግሞ በመደብር ውስጥ የልምድ ዝርዝር ሆኖ መገኘቱ አይቀርም።

ስለ ቅነሳ ሲወራ ዓይናችን የሚሄደው ወደተባረረው ሰው ነው፤ ይገባዋልም። እኔ ግን እዚህ ላስረዳ የፈለግሁት በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሥራ ስለገባው ሰው ነው። ሥራው አለ፣ ደመወዙም አልተነካም። ነገር ግን ትናንት የነበረው ሠራተኛ አይደለም። ኩባንያዎች የቅነሳን ትርፍና ኪሳራ ሲያሰሉ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ይመስለኛል፦ የወጣውን ሰው ደመወዝ ይደምራሉ፣ የቀረውን ሰው ሐሳብ አያስሉም።

የቀረው ሰው ምን ያስባል? ጎረቤትህ ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ሄደ?» ብሎ ሳይሆን «ለምን እሱ?» ብሎ ነው። መልሱ «ይህ ቅርንጫፍ ከስሮ ስለተዘጋ» ከሆነ ያዝናል፤ ግን ይገባዋል። «መጨረሻ የገቡት መጀመሪያ ይወጣሉ» ከሆነም ተራውን ይቆጥራል፣ ዕድሉን ይገምታል። «ሥራውን ስለማይሠራ» ከሆነ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ አንዳንዱ እፎይ ይላል። የሰርኪት ሲቲ ሠራተኛ ያገኘው መልስ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። እሱ የሰማው «ጎበዝ ሆኖ ብዙ ስለቆየ» የሚል ነው። ከዚህ በኋላ ጭማሪ ማግኘት ራሱ አደጋ ሆነ። በጥሩ ግምገማና በስንብት ደብዳቤ መካከል ያለው ርቀት አጠረ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? አንገቱን ደፍቶ ሰዓቱን ይጨርሳል፤ ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ሌላ ሥራ ቶሎ የሚያገኘው ደግሞ ያው ጎበዙ ነው። ስለዚህ አንዱን ጎበዝ ኩባንያው ያስወጣዋል፣ ሁለተኛው በራሱ እግር ይወጣል፤ መደብሩ ውስጥ የሚቀረው መሄጃ ያጣና ገና ያልተማረ ይሆናል።

በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ቁጥር ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ በዚህ ጉዳይ የተከተለው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። አሠሪው ሠራተኛ ሲቀንስ የሥራ ችሎታ ያላቸውና የተሻለ ውጤት የሚያሳዩ ሠራተኞች እንዲቆዩ ቅድሚያ ይሰጣል፤ በችሎታና በውጤት እኩል ከሆኑ ደግሞ አጭር አገልግሎት ያለው ቀድሞ ይወጣል። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከርም ግዴታ ነው። ሕጉ ሁሉ ቦታ በተግባር ይውላል ማለቴ አይደለም፤ ግን የጻፉት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል። የቅነሳ መስፈርት ለሚቀረው ሠራተኛ የሚነገር መልእክት ነው። በአሜሪካ ከማኅበር ስምምነት ውጭ ያለ ተራ የመደብር ሠራተኛ እንዲህ ያለ የቅደም ተከተል ዋስትና የለውም። አድልዎ እስካልሆነ ድረስ መስፈርቱን የሚያወጣው አሠሪው ነው።

አሁን ደግሞ ይህ ነገር ከሌላው ሥራ ይልቅ በችርቻሮ ንግድ ላይ ለምን እንደሚከፋ እንይ። በፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛው ልብ ቢሰበር በእሱና በገዢው መካከል ማሽን አለ፣ ጥራት ተቆጣጣሪ አለ፣ ማሸጊያ አለ። መደብር ውስጥ ምንም የለም። ሠራተኛው የሚሰማው ነገር በቀጥታ ደንበኛው ላይ ያርፋል። በ2007 አንድ ሰው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሊገዛ ሲገባ ከሺህ ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ ፕላዝማ ይሻላል ኤልሲዲ ብሎ ግራ ተጋብቷል፤ የሚያስረዳው ሰው ይፈልጋል። ከዚህም በላይ የመደብሩ ጥሩ ትርፍ ያለው ቴሌቪዥኑ ላይ አይደለም፤ በዋጋ ፉክክር ተበልቶ አልቋል። ትርፉ ያለው በገመዱ፣ በማቆሚያው፣ በተጨማሪው የዋስትና ውል ላይ ነው። እነዚህ ደግሞ ከመደርደሪያ ላይ ራሳቸውን የሚሸጡ ዕቃዎች አይደሉም፤ በአንደበት የሚሸጡ ናቸው። አንደበቱን ያባረረ መደብር የቀረው ትርፍ የሌለው ሳጥን ነው።

ሰርኪት ሲቲ ይህን የማያውቅ ድርጅት አልነበረም። የተመሠረተው በ1949 በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይርቃል። እንደሚተረከው መሥራቹ ሳሙኤል ወርትዘል ለዕረፍት ወደ ሪችመንድ መጥቶ ፀጉሩን ሲቆረጥ ነው በከተማው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሊከፈት መሆኑን የሰማው። ጣቢያ ካለ ቴሌቪዥን የሚገዛ አለ ብሎ በአንድ ጎማ መሸጫ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ሱቁን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ኩባንያው ያደገው ኮሚሽን በሚከፈላቸው፣ የሚሸጡትን ዕቃ ጠንቅቀው በሚያውቁ ሻጮች ነው። ደንበኛው አንዳንዴ «ለቀቅ አርጉኝ» እስኪል ድረስ የሚከተሉ ሻጮች ነበሩ፤ ይህም መታወቅ አለበት።

በ2003 ኩባንያው ኮሚሽኑን አስቀርቶ ሁሉንም ወደ ሰዓት ክፍያ አዞረ፤ በዚያው ጊዜ 3,900 ያህል ሻጮቹን አሰናበተ። እንግዲህ የ2007ቱ ቅነሳ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለተኛው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሲሆን ሠራተኛው «ዘዴው ተለወጠ» ሊል ይችላል። ሁለተኛው ሲደገም ግን ልማድ ይባላል፤ ሦስተኛውን መጠበቅ ይጀመራል።

ቅነሳው ከተነገረ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ኩባንያው በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ኪሳራ እንደሚጠብቀው አስታወቀ፤ የቴሌቪዥን ሽያጩ ደክሞ ነበር። በዲሴምበር 2007 በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ 207 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መክሰሩን ሲገልጽ፣ ከፍተኛ ኃላፊዎቹ ጥለውት እንዳይሄዱ የማቆያ ገንዘብ መፍቀዱም አብሮ ተሰማ። ይህን የመደብር ሠራተኛ ሆናችሁ አንብቡት። ታች ያለው «ክፍያህ ከገበያው በልጧል» ተብሎ ተሸኘ፤ ላይ ያለው «ገበያው እንዳይወስድህ» ተብሎ ተጨመረለት። የገንዘቡ መጠን ከኩባንያው ጠቅላላ ወጪ አንጻር ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ዕረፍት ክፍል ውስጥ የሚወራው ግን በመጠኑ ልክ አይደለም።

ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፊሊፕ ስኩኖቨር በሴፕቴምበር 2008 ለቀቀ። ኖቬምበር 10 ቀን ኩባንያው በኪሳራ ሕግ ጥላ ሥር ገባ። ጃኑዋሪ 16 ቀን 2009 ቀሪዎቹን 567 መደብሮች ሊዘጋ መሆኑን፣ 34,000 ያህል ሠራተኞችም ሥራ እንደሚያጡ አስታወቀ።

ቅነሳው ብቻውን ገደለው ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ሰርኪት ሲቲ ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ መሸጥ ያቆመው በ2000 ነበር፤ ቤት የሚሠራውን ደንበኛ ለሌሎች ሰጠ። ብዙ መደብሮቹ ያረጁና ሰው በማይሄድባቸው ቦታዎች ያሉ ነበሩ። ተፎካካሪው የኤሌክትሮኒክስ መደብር ቤስት ባይ በአንድ ወገን፣ ዋልማርት በሌላ ወገን ይዘውታል። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ዕቃ አቅራቢዎች በዱቤ መስጠት ፈሩ። የታመመ ድርጅት ነበር። ቅነሳው ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ከሕመሙ ሊያድኑት ይችሉ የነበሩትን ሰዎች ቀድሞ ማስወጣት ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ዓይነት ቅነሳ ደግሞ አለ። ደብዳቤ የለውም፣ ዜናም አይሆንም። በአሜሪካ መደብር የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ስሙን ያውቀዋል፦ «አወሬን ቆረጡብኝ»፤ የሥራ ሰዓቴን ቀነሱብኝ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንድ መደብር ማኔጀር ኪራዩን መቀነስ አይችልም፤ የዕቃውን ዋጋ አይወስንም፤ ማስታወቂያውም በእጁ አይደለም። በእጁ ካሉት ጥቂት ነገሮች ትልቁ የሠራተኛ ሰዓት ነው። ከላይ የሚመጣለትም የሰዓት በጀት አብዛኛውን ጊዜ ከሽያጩ ጋር የታሰረ ነው። ለምሳሌ አንድ መደብር በሳምንት 1,000 የሥራ ሰዓት አለው እንበል። ሽያጩ 5 በመቶ ወረደና በጀቱም 5 በመቶ ተቀነሰ፤ 950 ሰዓት ቀረ። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከ1,000ው ውስጥ 600ው የማይነካ ነው፦ የጭነት መኪና ማራገፍ፣ ዋጋ መለጠፍ፣ ሂሳብ መቀበል፣ መክፈትና መዝጋት። ሽያጭ ወረደ ተብሎ መኪናው ግማሽ ብቻ አይራገፍም። ስለዚህ 50ው ሰዓት በሙሉ የሚቆረጠው ደንበኛን ለማስተናገድ ከቀረው 400 ሰዓት ነው። ከላይ 5 በመቶ የነበረው ደንበኛው ዘንድ ሲደርስ 12.5 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ደንበኛው የሚጠይቀው ሰው ያጣል፣ ይሄዳል፤ ሽያጩ እንደገና ይወርዳል፤ በጀቱም እንደገና ይቆረጣል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምሩት ዘይነፕ ቶን ይህን አዙሪት ለዓመታት አጥንተውታል፤ ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ መደርደሪያው ባዶ የሚሆነው፣ ደንበኛውም «የለም» ተብሎ የሚመለሰው ከዚህ የተነሳ እንደሆነ አሳይተዋል።

ለሠራተኛው ደግሞ የአወር መቆረጥ ከስንብት የባሰበት ጊዜ አለ። የተሰናበተ ሰው ቢያንስ የሥራ አጥነት ድጎማ ይጠይቃል። አወሩ ከ38 ወደ 22 የወረደበት ሰው ግን በወረቀት ላይ ሥራ አለው። ሳምንታዊ ሰዓቱ ከ30 በታች ከወረደ ትልቅ አሠሪው በፌዴራል ሕግ የጤና መድን እንዲያቀርብለት ከሚገደድበት መስመር በታች ሊወድቅ ይችላል። ፕሮግራሙ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ሁለተኛ ሥራ መያዝም ይቸገራል፤ ልጅ የሚያደርስ፣ ማታ የሚማር ሰው ይህን ያውቀዋል። ሲያትል ትልልቅ መደብሮች ፕሮግራም ከ14 ቀን በፊት እንዲያሳውቁ በሕግ ያስገደደችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕጉ ከ2017 ጀምሮ ይሠራል። ኦሪገንም ተመሳሳይ ሕግ አላት።

ይህን ሁሉ የሚያዝዙት ሰዎች ክፉዎች ናቸው ማለት ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግራቸው ርቀት ነው፤ መደብሩን የሚያዩት በወረቀት ነው። የቤት መሥሪያና ማደሻ ዕቃ የሚሸጠውን የሆም ዲፖን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። በርኒ ማርከስና አርተር ብላንክ በ1978 በአትላንታ ሲመሠርቱት የቧንቧ ሥራ የሚያውቀውን፣ ኤሌክትሪክ የዘረጋውን ሰው ቀጥረው ብርቱካናማውን ሽርጥ አስታጠቁት፤ ደንበኛ የሚመጣው እሱን ለመጠየቅ ነበር። በ2000 መጨረሻ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ የመጣው ቦብ ናርዴሊ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ሥርዓት አመጣ፣ ሁሉን ነገር መለካት አመጣ፣ ወጪ ቆረጠ፣ በከፊል ሰዓት የሚሠሩ ሠራተኞችን ቁጥር አበዛ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ በእሱ ዘመን የኩባንያው ሽያጭ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ነገር ግን ሙያ ያላቸው ነባሮች ሄዱ፤ የደንበኛ እርካታ ተሸረሸረ፤ የአክሲዮኑ ዋጋም ንቅንቅ አልል አለ። በሜይ 2006 በተደረገው የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ የቦርድ አባላቱ አልተገኙም፤ ናርዴሊ ጥያቄ ሳይመልስ በግማሽ ሰዓት ገደማ ስብሰባው ተዘጋ። በጃኑዋሪ 2007 ሲለቅ የተሸኘው በ210 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሰርኪት ሲቲ ሰዎቹን «ክፍያችሁ በዛ» ያለው ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ ነው።

እሱን የተካው ፍራንክ ብሌክ ጠበቃ እንጂ ነጋዴ አልነበረም። ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ በጣም ትንሽ ነው፦ ጥሩ ሥራ ለሠሩ የመደብር ሠራተኞች በእጁ ጽሑፍ የምስጋና ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ። ወረቀት ደመወዝ አይሆንም፤ ይህን የሚነግሩን የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮቹ ናቸው። ነገር ግን ማስታወሻው እንዲጻፍ አለቃው የሰውየውን ስምና የሠራውን ነገር ማወቅ አለበት። ዋጋው ያለው እዚያ ላይ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ሲርስ የተባለው ነባር የአሜሪካ መደብር ነው። ባለሀብቱ ኤዲ ላምፐርት በ2005 ኬማርትንና ሲርስን ሲያዋህድ በአንድ ላይ 3,500 ገደማ መደብሮች ነበሩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ቺካጎ አጠገብ ሲሆን እሱ የኖረው ከዚያ ርቆ፣ በኋላም ፍሎሪዳ ነበር፤ ኃላፊዎቹ በአብዛኛው የሚያዩት በስክሪን ነው። ኩባንያውን 30 ያህል ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች አድርጎ ከፋፍሎ እርስ በርስ አወዳደራቸው፤ አንዱ የሌላውን ማስታወቂያ ቦታ ሲሻማ ኖረ። መደብሮቹ ሳይታደሱ አረጁ። በኦክቶበር 2018 የኪሳራ ጥያቄ ሲያቀርብ የቀሩት 700 ገደማ መደብሮች ነበሩ። ቅነሳው በየዓመቱ ይመጣ ስለነበር እዚያ የቀረ ሠራተኛ «ዘንድሮ እኛ ነን?» እያለ ነው አሥር ዓመት ያሳለፈው።

ሌላ መንገድ አለ ወይ? አለ፤ ግን ተአምር አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ቤስት ባይ በ2012 ሰርኪት ሲቲን ሊከተል ነው እየተባለ ነበር። ሰው መደብር ገብቶ ዕቃውን ያይና፣ ይነካና፣ ከኢንተርኔት ይገዛል። የቀድሞው አለቃ ከአንዲት ሠራተኛ ጋር በነበረው ግንኙነት ምክንያት ለቋል። የተቀጠረው ፈረንሳዊው ሁበርት ዦሊ ችርቻሮ ነግዶ አያውቅም። የመጀመሪያ ቀናቱን ያሳለፈው በሚኒሶታ፣ ሴንት ክላውድ በሚገኝ መደብር ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ነው፤ ደረቱ ላይ «ሥልጠና ላይ ያለ ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የሚል ባጅ ነበር። ሻጮቹን ምን እንዳስቸገራቸው ጠየቃቸው። ከሰማቸው ቅሬታዎች አንዱ ሠራተኛው ዕቃ ሲገዛ የሚደረግለት ቅናሽ መቀነሱ ነበር። ቅናሹን መለሰላቸው።

ለዋናው መሥሪያ ቤት ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ለሻጩ ግን ቅናሹ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ዕቃውን ቤቱ ወስዶ ሲሞክረው በአፉ ሙሉ ይናገርለታል። ሁለተኛ «ሳንቲም ስትፈልጉ መጀመሪያ የምትመጡት ወደ እኔ ኪስ ነው ወይስ ሌላም ቦታ ታያላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ዦሊ በእርግጥም ሌላ ቦታ አየ፤ ዋጋውን ከኢንተርኔቱ ጋር አስተካከለ፣ ሳምሰንግና ማይክሮሶፍትን የመሳሰሉ አምራቾች በመደብሩ ውስጥ የራሳቸውን ቦታ እንዲያሠሩ አደረገ። በእሱም ዘመን ቅነሳ ነበር፤ በተለይ በዋናው መሥሪያ ቤት። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ የሰው ቅነሳ ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ተቀመጠ። በ2012 መጨረሻ ከ12 ዶላር በታች ወርዶ የነበረው አክሲዮን፣ እሱ በ2019 ሥልጣኑን ሲያስረክብ ከ60 ዶላር በላይ ነበር።

የሠራተኛ ሞራል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ግን ከማርኬት ባስኬት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በኒው ኢንግላንድ የሚገኝ፣ በቤተሰብ የተያዘ የምግብ መደብር ነው፤ በ2014 71 ቅርንጫፎችና 25,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ኃላፊው አርተር ቲ. ዴሙላስ ሠራተኞችን ከትርፉ ያካፍል ነበር። በ2008ቱ ቀውስ የሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ 46 ሚሊዮን ዶላር ሲያጣ ኩባንያው እንዲተካው አድርጓል። በጁን 2014 ከእሱ ጋር በውርስ ሲጣሉ የኖሩት የቤተሰቡ ሌላ ወገኖች አባረሩት። ቀጥሎ የሆነው በችርቻሮ ዓለም ያልተለመደ ነው። የሠራተኛ ማኅበር የሌላቸው ሠራተኞች፣ ከመጋዘን ጫኝ እስከ መደብር ማኔጀር፣ «አለቃችንን መልሱ» ብለው ወጡ። ስምንት አስተባባሪዎች ተባረሩ፤ ሠራተኞቹ ግን ወደ ኋላ አላሉም። መኪናዎቹ መጫን አቆሙ፣ መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆኑ፣ ደንበኞች ሌላ መደብር የገዙበትን ደረሰኝ አምጥተው መስኮቱ ላይ ለጠፉ። በኦገስት መጨረሻ አርተር ቲ. የተቀናቃኞቹን 50.5 በመቶ ድርሻ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመግዛት ተስማምቶ ተመለሰ። የቤተሰቡ ጠብ ግን አልሞተም፤ በ2025 ቦርዱ እንደገና አሰናብቶታል፤ በዚህኛው ዙር የተጣሉት ከእህቶቹ ጋር ነው። ደግ አለቃም ቢሆን ወንበሩ የራሱ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ መደብር ለሚሠራ አንባቢ ጥቂት ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ድንጋጤው ሲመጣ ማንም ሕግ አይፈልግም። ከ1988 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ቦታ ሲዘጋ ወይም በብዛት ሲቀንስ፣ ሕጉ ያስቀመጠው ቁጥር ከተሟላ፣ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የስንብት ክፍያ ግን በፌዴራል ሕግ ግዴታ አይደለም። ቶይዝ አር አስ የተባለው የመጫወቻ መደብር በ2018 ሲዘጋ 33,000 ያህል ሠራተኞች ይህን በመራራው መንገድ ተማሩት። ኩባንያው በ2005 የተገዛው በአብዛኛው በብድር ነበር፤ ዕዳው ትርፉን ሲበላ ቆይቶ ሲወድቅ ለስንብት የተቀመጠ ገንዘብ የለም ተባሉ። ሠራተኞቹ ሰልፍ ከወጡ በኋላ ከባለቤቶቹ ሁለቱ፣ ኬኬአርና ቤይን፣ 20 ሚሊዮን ዶላር የድጋፍ ገንዘብ አወጡ። ስለዚህ የስንብት ክፍያ ሲቀርብላችሁ ዘላችሁ አትፈርሙ፤ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የመክሰስ መብትን የሚያስተው ውል ነው። ዕድሜያችሁ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቅነሳውም በጅምላ ከሆነ፣ የዕድሜ አድልዎ መብታችሁን ለማስተው 45 ቀን የማሰቢያ ጊዜ፣ ከፈረማችሁም በኋላ 7 ቀን የመሻሪያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይገባል። ማኔጀሩ «ዛሬውኑ» ቢል እንኳ።

ወደ ሰርኪት ሲቲ ልመለስና ልጨርስ። መዘጋቱ ከተነገረ በኋላ ሥራው በአንድ ቀን አላቆመም። ዕቃ አጣሪ ድርጅቶች ገቡና ሠራተኞቹ ለሰባት ሳምንት ያህል የራሳቸውን መደብር ሸጡት። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ሄደ፤ ከዚያ ገመዱ፣ ከዚያ ሽፋኑ የተቀደደው ሁሉ። መጨረሻ ላይ በመደርደሪያዎቹ ላይም ዋጋ ተለጠፈባቸው። የመጨረሻዎቹ በሮች የተዘጉት እሑድ፣ ማርች 8 ቀን 2009 ነው፤ ከዚያች ረቡዕ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሃያ ቀን ሲቀረው።